ወንድሜ አጥቂ ነው፣ ውጭ ሄዶ ይሞክር ወይስ እዚሁ ይፈርም? የምታውቁ እባካችሁ

የጃን ሜዳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ። ታናሽ ወንድሜ አጥቂ ነው፣ 22 ዓመቱ ነው፣ ጃን ሜዳ ነው ያደገው ማለት ይቻላል፣ ጠዋት ከትምህርት በፊት ማታ ከትምህርት በኋላ እዛው ነው፣ እናቴ ጫማ ገዝታ አልቻለችውም። ከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለው) ላይ ላለ የክልል ክለብ ሲጫወት ቆይቶ ዘንድሮ ውሉ አለቀ። ጎል ያገባል፣ እህቱ ስለሆንኩ አይደለም፣ በቡድኑ ብዙ ያገባው እሱ ነው። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ እንፈልግሃለን ብሎታል ግን ከሁለት ነባር አጥቂዎች ኋላ ነው የሚሆነው፣ ቤንች ማለት ነው።

በዚህ መሀል አንድ ወኪል ነኝ የሚል ሰውዬ መጣ። ስታዲየም ዙሪያ ካፌ ቀጠረን፣ እኔም አብሬው ሄድኩ። ሰውየው ሁለት ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቬትናም ክለብ አለኝ ባንግላዴሽም አለኝ፣ ልጁን በቪዲዮ አይተው ወደውታል፣ ለሙከራ ይሄዳል ሲያልፍ ይፈርማል አለን። ለፕሮሰስ ግን መጀመሪያ ከኛ ብር ይፈልጋል፣ ለቪዛ ለግብዣ ደብዳቤ ምናምን እያለ። ብሩ ቀላል አይደለም፣ እናቴ የእቁብ ዳኛውን ለምኜ ቀድሜ አወጣለሁ እስከማለት ደርሳለች።

አባቴ ደግሞ ጭራሽ አልተዋጠለትም። ከሀገር ሀገር እየዞረ በየዓመቱ ማሊያ የሚቀይር ተጫዋች ምን ቁም ነገር ይዞ ይመለሳል፣ ሰው አንድ ቦታ ረግቶ ነው የሚሰራው ይላል። ወንድሜ በየሀገሩ የተጫወተውን አጥቂ ፍቅሩ ተፈራን እየጠራ ይሟገተዋል፣ እራት ላይ ሌላ ወሬ የለም። ጥያቄዬ እንግዲህ፣ እንደዛ እየዞሩ መጫወት በእርግጥ ሰው የሚኖርበት ስራ ነው ወይ? ደግሞስ ይሄ ሰውዬ እውነተኛ ወኪል መሆኑን በምን አውቃለሁ? በተለይ ወጥታችሁ የተጫወታችሁ ካላችሁ ሳትሰለቹ ጻፉልኝ።

ሚስማር ተራ፦

እህቴ የመጀመሪያውን እኔ ልሞክር። አባትሽን በአክብሮት ነው የምቃወማቸው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 እሁድ ስታዲየም ነበርኩ። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን ነበር የመጣችው፣ እኛ በሜዳቸው 3 ስላገባን 2 ለ 0 ካሸነፍን እናልፋለን፣ አዳነ ግርማ አገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰኢድ ደገመው፣ በቃ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። ያንን ሁለተኛ ጎል ያገባው ልጅ ያኔ የግብፁ ዋዲ ደግላ ተጫዋች ነበር። ከጊዮርጊስ ወጥቶ ዋዲ ደግላ፣ በውሰት ቤልጂየም ሊርስ (የሁለቱም ክለብ ባለቤት አንድ ስለነበረ ነው መንገዱ የተከፈተለት)፣ ከዛ አል አህሊ፣ ከዛ አልጄሪያ ኤምሲ አልጀር፣ ከዛ ተመልሶ ጊዮርጊስ። ማሊያ ቆጥሮ ይሄ ሰው አልረጋም የሚለው ማነው?

ፍቅሩ ደግሞ ከዛም በላይ ነው። ቅደም ተከተሉን ሳልጠብቅ ልጥራልሽ፣ ኦርላንዶ ፓይሬትስ፣ ሱፐርስፖርት ዩናይትድ፣ ፍሪ ስቴት ስታርስ፣ ቢድቬስት ዊትስ፣ እነዚህ ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ናቸው፣ ከዛ ቼክ ሪፐብሊክ ምላዳ ቦሌስላቭ፣ ቬትናም ታን ሆዋ፣ ህንድ ኮልካታና ቼናይ። የህንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር ጥቅምት 2 ቀን 2007 የመጀመሪያው ጨዋታ ኮልካታ ሶልት ሌክ ስታዲየም ነበር፣ ኮልካታ ከሙምባይ፣ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው የኛው ፍቅሩ ነው። አግብቶ በአየር ላይ ሲገለበጥ ያላየ ሰው ቪዲዮውን ፈልጎ ይይ። ያ ሊግ እስካለ ድረስ የመጀመሪያውን ጎል ማን አገባ ሲባል የሚጠራው የኢትዮጵያዊ ስም ነው፣ ይሄን ስጽፍ እራሱ ደስ ይለኛል። በዛ ዓመት ኮልካታ ዋንጫ በላ፣ ፍጻሜው ላይ ግን ፍቅሩ አልተሰለፈም። በቀጣዩ ዓመት ቼናይ ገባ፣ ቼናይም ዋንጫ በላ።

አሁን አባትሽ ይሄን ያስቡልኝ። ያ የህንድ ሊግ በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ተጀምሮ ታህሳስ ላይ አለቀ፣ ሊጉ ራሱ ሦስት ወር አልሞላም። ታዲያ ተጫዋቹ የት ይርጋ? ቀሪውን ወር ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚበላው? ሌላ ክለብ መፈለግ ግዴታው ነው። የእስያ ክለቦች ብዙዎቹ ለውጭ ተጫዋች የአንድ ሲዝን ውል ነው የሚሰጡት፣ በየዓመቱ መፈረም አለመረጋጋት ሳይሆን የስራው ባህሪ ነው።

ደግሞ አጥቂ ከሌላው ይለያል። ተከላካይ የውጭ ተጫዋች ሆኖ መካከለኛ ቢሆንም ዓመቱን ይጨርሳል። አጥቂ ግን የውጭ ኮታ የተያዘለት ጎል እንዲያገባ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ አንድ ክለብ አምስት የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው የሚመዘገብለት፣ አምስት ስድስት ጨዋታ ካላገባህ ያ ቦታ ይፈለጋል። አሰልጣኝ ተባረረ ማለት ደግሞ አንተን የመረጠህ ሰው ሄደ ማለት ነው፣ አዲሱ የራሱን አጥቂ ይዞ ይመጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ በየሀገሩ ደመወዝ እየተከፈለው የተጫወተ ሰው ሰራተኛ ካልተባለ ማን ይባላል?

9 ቁጥር፦

እኔ ወጥቼ ተጫውቻለሁ። አንድ የአረብ ሀገር ነው፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ክለቡን አልጠራም። ሚስማር ተራ ያልከው ልክ ነው ወንድሜ ግን ትልልቆቹን ነው የጠራኸው፣ እታች ያለውን ደግሞ እኔ ልንገራት።

እንደደረስኩ ለመኖሪያ ፈቃድ ብለው ፓስፖርቴን ወሰዱ፣ መኖሪያ ፈቃዱ ወጣ ፓስፖርቱ ግን አልተመለሰም፣ አስተዳዳሪው ቢሮ ብረት ሳጥን ውስጥ ነው ይሉኛል። ውሉ በአረብኛ ብቻ ነው የተጻፈው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ በፖስታ በእጅ ተሰጠኝ፣ ፈርሜ ተቀበልኩ፣ ከዛ በኋላ ቡክራ ኢንሻላህ፣ ነገ እግዜር ካለ፣ ነው። ልምምድ እንመጣለን፣ ጨዋታ እንጫወታለን፣ ቡክራ። አብሮኝ የነበረ ናይጄሪያዊ ተከላካይ ነበር፣ አንድ ክፍል ነው የምንኖረው፣ ኤሲው ሲበላሽ ፍራሹን ጣሪያ ላይ አውጥተን ነው የምንተኛው። እናቴ ስትደውል ደህና ነኝ ነው የምላት፣ ምን ልበላት፣ እሷ እኮ ለጎረቤት ልጄ ውጭ ነው የሚጫወተው ብላ አውርታለች።

ኳሱንም ልንገርሽ ምክንያቱም ይሄን ማንም አይነግረውም። እኛ ጃን ሜዳም ሆነ ሰፈር ያደግንበት ኳስ እግር ላይ የሚሰጥ ነው፣ አንድ ሁለት ተቀባብለን ነው የምንገባው። እዛ ስሄድ ማንም እግሬ ላይ አይሰጠኝም፣ ከኋላ ረጅም ኳስ ይመጣል፣ ከኔ በጭንቅላት የሚበልጥ ተከላካይ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፣ እሱን በጀርባ ይዤ ኳሱን በደረት አብርጄ የሚመጣልኝን አማካይ መጠበቅ አለብኝ። ያንን ማንም አላሰለጠነኝም ነበር። ወንድምሽ አሁን ቤት ባለበት ጊዜ ይሄን ይስራ፣ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ሰው እየገፋው ኳስ መቆጣጠር፣ በግራ እግር መምታት፣ ቅርብ ቋሚ ላይ ቀድሞ መድረስ። የሰውነት ጂም ብቻውን አይበቃም። ሌላው ደግሞ የሀገሩ ልጆች ኳስ ላይሰጡህ ይችላሉ፣ ያንተ ቦታ ላይ የነሱ ጓደኛ ቤንች ተቀምጧል። በሁለተኛው ወር ቋንቋቸውን ትንሽ መሰባበር ስጀምርና ከበረኛው ጋር ሻይ መጠጣት ስጀምር ነው ኳስ የመጣልኝ፣ እውነቴን ነው።

ሁሉን አስቤ ግን አትሂድ አልለውም። ጎል አግብተሽ የማያውቁሽ ሰዎች ስምሽን በራሳቸው አነጋገር ሲጠሩት ያለው ስሜት ሌላ ነው። ብር ከፍሎ ግን አይሂድ። በፍጹም። ወኪል የሚከፈለው ልጁ ከፈረመ በኋላ ከውሉ ላይ ነው። እውነት ወደውት ከሆነ ቲኬቱን ክለቡ ይላክ።

የቡና ደጋፊ፦

እኔ እዚሁ ይፈርም ባይ ነኝ። አቡበከር ናስርን እዩት፣ በ2013 ቡና ማሊያ 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ፣ ከዛ የደቡብ አፍሪካው ሰንዳውንስ ራሱ መጥቶ ገዛው። ጌታነህ ከበደም ያው ነው፣ ሰኔ 9 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የአቻነቷን ጎል አገባ፣ ደደቢት ላይ ደግሞ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ዊትስ ወሰደው። ክለብ ፈልጎህ ስትሄድና አንተ ፈልገህ ስትሄድ አንድ አይደለም፣ ፈልጎ የገዛህ ክለብ ገንዘብ ስላወጣብህ ጉዳት ቢደርስብህም ይታገስሃል ያሳክምሃል፣ በሙከራ የመጣውን ግን ጡንቻው ሲሸማቀቅ በነጋታው ያሰናብቱታል። አቡኪ እዛ ሄዶ ጉዳት ምን ያህል እንዳሰቃየው ሁላችንም አይተናል፣ አንጀቴን ነው የበላኝ፣ ግን ትልቅ ክለብ ውስጥ ሆኖ ነው የታከመው።

ደግሞ ጌታነህ ተመልሶ ደደቢት ሲገባ 25 ጎል አግብቶ እንደገና ኮከብ ሆነ። ወጥቶ መመለስ ውድቀት ነው የሚሉ ሰዎች ይሄን ይረሱታል። ፕሪሚየር ሊጋችን በ2013 በሱፐርስፖርት መታየት ከጀመረ ወዲህ እዚህ ያገባ ልጅ ውጭም ይታያል፣ ከፍተኛ ሊግን ግን ማንም ከውጭ አያየውም። ቤንችም ቢሆን ይግባ፣ ነባሩ ሲጎዳ ዕድሉ ይመጣል።

9 ቁጥር፦

ቤንቹ ላይ ነው የምለያየው። 22 ዓመት አጥቂ ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት ከቆየ ጎል ማግባቱ ራሱ ይጠፋዋል። ከመፈረሙ በፊት አሰልጣኙን ራሱን ያናግር፣ ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን አሰልጣኙን፣ በምን ቦታ ነው የምትፈልገኝ ይበለው። አንዳንዱ አሰልጣኝ በሁለት አጥቂ ነው የሚጫወተው፣ እንደዛ ከሆነ ሦስተኛ አጥቂ ብዙ ደቂቃ ያገኛል፣ በአንድ አጥቂ የሚጫወት ከሆነ ግን እንጃ።

የጃን ሜዳ ልጅ፦

እናመሰግናለን ሁላችሁንም፣ የሚስማር ተራን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ የህንዱ ሊግ ሦስት ወር አልሞላም የሚለው ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ ከዛ ‘እንደ ኮንትራክተር ነው በለኛ’ አለ፣ እሱ ግንባታ ላይ ስለሰራ። ትንሽ ለስለስ ብሏል።

9 ቁጥር የጻፍከው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ፓስፖርቱን አገኘኸው ወይ? ደሞዝህስ?

አሁን አዲስ ነገር አለ። ሰውየው ትናንት በቴሌግራም የውል ረቂቅ ነው ብሎ ፒዲኤፍ ላከልን፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ የክለብ አርማ አለው ፊርማ የለውም። አንዱ መስመር ውሉ የሚጸናው ተጫዋቹ የጤና ምርመራ ካለፈና የስራ ፈቃድ ካገኘ ብቻ ነው ይላል። ሌላው ክለቡ በማንኛውም ጊዜ በ7 ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል ይላል። ደመወዝ የሚል ቦታ ላይ ‘በስምምነት’ ብቻ ነው ያለው። ይሄ የተለመደ ነው?

ሜክሲኮ ፋይል፦

የህግ ሰው ነኝ፣ የስፖርት ጉዳዮች ይመጡልኛል። ድሮ ካዛንችስ ነበርኩ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ሜክሲኮ ዞርኩ፣ ስሜም ከዛ ነው የመጣው። የላከላችሁን ወረቀት ሳላየው እንኳ ያልሽው ይበቃኛል፣ አትፈርሙ።

የፊፋ የዝውውር ደንብ ግልጽ ነው፣ የተጫዋች ውል በጤና ምርመራ ወይም በስራ ፈቃድ ላይ ጥገኛ ሊሆን አይችልም። ክለቡ መመርመር ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው፣ ከፈረመ በኋላ ጉልበቱ አላማረንም ማለት አይችልም። ያ መስመር ያለበት ወረቀት ያዘጋጀው ሰው ወይ ደንቡን አያውቅም ወይ እናንተ እንደማታውቁ አስቧል። ያለ በቂ ምክንያት በ7 ቀን ማሰናበት የሚለውም ፊፋ ፊት ሲቀርብ አይቆምም፣ ውል በሁለቱም ወገን እስከ ጊዜው መከበር አለበት። ደመወዝ ቁጥሩ፣ በምን ገንዘብ፣ በየወሩ ስንተኛው ቀን፣ በባንክ ነው በእጅ፣ ታክሱን ማን ይከፍላል፣ ቤትና የደርሶ መልስ ቲኬት በማን ነው፣ ጉዳት ሲደርስ ህክምናው በማን ነው፣ እነዚህ ካልተጻፉ ውል አይባልም። ከመፈረማችሁ በፊት የምታምኑት ተርጓሚ ቃል በቃል ይተርጉምላችሁ፣ 9 ቁጥር ላይ የደረሰው ዋናው በደል እዛ ጋ ነው የጀመረው።

ወኪሉን በተመለከተ፣ ከ2015 ወዲህ ፊፋ ወኪሎችን ፈትኖ ፈቃድ ይሰጣል፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ፊፋ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። ስሙን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጠይቁትና ፈልጉት። እኔ ለእገሌ ነው የምሰራው ካለ እገሌን ፈልጉት፣ ደውሉለትም። ከተጫዋች ጋር የሚደረግ የውክልና ውል በጽሑፍ ነው፣ ከሁለት ዓመት አይበልጥም። ለሙከራ ብር አምጡ የሚል ወኪል እዚህ ከተማ ብዙ እናት አስለቅሷል፣ እኔ ቢሮ መጥተው ሲነግሩኝ ደረሰኝ እንኳ የላቸውም፣ ያመኑትን ሰው በምን ልክሰስላቸው? ስለዚህ እናትሽን ለምኝልኝ፣ እቁቡን እንዳያወጡ።

ደመወዝ ያልተከፈለ ተጫዋች ደግሞ አቅመ ቢስ አይደለም። ክለቡ ያለ አግባብ ሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ 15 ቀን ሰጥቶ ይጠይቃል፣ በ15 ቀኑ ሙሉ በሙሉ ካልከፈሉት ውሉን አቋርጦ የመሄድ መብት አለው፣ የቀረውንም መጠየቅ ይችላል። ፊፋ ጋ አቤቱታው ለተጫዋች ክፍያ የለውም፣ ግን ነገሩ ከተፈጠረ ሁለት ዓመት ካለፈው አይቀበሉም። ለዚህ ነው ሁሌ የምለው፣ የውሉን ኮፒ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን እህትህ ኢሜይል ላይ አስቀምጥ፣ በእጅ የተቀበልከውን ብር ቀኑን ጻፍ፣ ክለቡን በቃል ሳይሆን በዋትሳፕም ቢሆን በጽሑፍ ጠይቅ። ቡክራ ያሉትን በጽሑፍ ካሉት ማስረጃ ነው።

ሌላ አንድ ነገር፣ የምር የውጭ ክለብ ሲመጣ ከኛ ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፊኬት ሳይጠየቅ ልጁ መመዝገብ አይችልም፣ በቱሪስት ቪዛ ሄዶ ሜዳ ይገባል የሚባል ነገር የለም። ውሉ ያለቀበት ክለብም መልቀቂያውን በጽሑፍ ይስጠው፣ ገና 22 ዓመቱ ስለሆነ ያሰለጠኑት ክለቦች የማሰልጠኛ ካሳ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ይሄ ሳይጣራ ቀርቶ የውጭ ክለብ በመጨረሻ ቀን የሸሸበት ጉዳይ አለ።

9 ቁጥር፦

እህቴ ፓስፖርቴን አገኘሁት፣ የክለቡ ሹፌር ነው ያወጣልኝ፣ እግዜር ይስጠው። ደሞዙ እዛው ቀረ። ሜክሲኮ ፋይል ያለውን ያኔ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፣ ለሌሎች ልጆችም እንዲደርስ እዚህ ያለነው ሁሉ በየግሩፓችን እናጋራው።

ሚስማር ተራ፦

በቴሌግራም የጊዮርጊስ ግሩፕ ላይ ለጥፌዋለሁ። የቡና ልጆችም ለጥፉት፣ እዚህ ላይ ቡድን የለም።

የጃን ሜዳ ልጅ፦

ለሰውየው የፈቃድ ቁጥሩንና ሙሉ ስሙን ላክልኝ ብዬ ጻፍኩለት። አይቶታል፣ አልመለሰም፣ ለወንድሜ ግን ደውሎ እህትህ ዕድልህን እያበላሸች ነው ብሎታል። የሰጠንን ስም ዝርዝሩ ላይ ፈለግኩት፣ የለም። ወንድሜ ተናዶ ነበር፣ የ9 ቁጥርን አስነበብኩት፣ ሁለቴ አነበበው።

ሐሙስ የፕሪሚየር ሊጉን አሰልጣኝ ያናግራል፣ በስንት አጥቂ እንደሚጫወት ይጠይቃል። ከፈረመ የአንድ ዓመት ብቻ እንዲሆን ነው የምንፈልገው፣ ሜክሲኮ ፋይል፣ በዓመቱ መሀል የውጭ ክለብ ቢመጣ እንዲለቁት የሚያስገድድ ነገር ማስገባት ይቻላል?

ሜክሲኮ ፋይል፦

ይቻላል። የውጭ ክለብ ይሄን ያህል ከከፈለ ይለቀቃል ብላችሁ መጠኑን በቁጥር አስገቡ፣ ከዓመት ደመወዙ ብዙ የራቀ አይሁን አለዚያ ማንም አይከፍለውም። ረቂቁን ሐሙስ እንደሰጧችሁ እዛው አትፈርሙ፣ ይዛችሁ ውጡ፣ እዚህ በውስጥ መስመር ላኪልኝና አየዋለሁ፣ ክፍያ የለውም።

የጃን ሜዳ ልጅ፦

እሺ፣ ሐሙስ ማታ እልክልሃለሁ። እናቴ እግዜር ይስጣቸው በያቸው ብላለች።